ክለቡ ተቃውሞ የለውም

ሰኞ ጠዋት ፖስተኛው ካመጣላት አራት ደብዳቤዎች ውስጥ ሦስቱን የእግር ኳስ ክለቡ ጸሐፊ ሄስተር ኦልድሮይድ ሳትከፍታቸው ታውቃቸዋለች። አንደኛው ከሊጉ የመጣ ነው፤ የቅዳሜውን ጨዋታ የሚመራውን ዳኛ ስም ይናገራል። ሁለተኛውን የላኩት የስኬልቢ ክለብ ጸሐፊ ናቸው፤ ተጫዋቾቻቸው ምን ቀለም ማልያ ለብሰው እንደሚመጡ ያስታውቃል። ሦስተኛው የዊልፍ ነው። ዊልፍ የሜዳው ጠባቂ ነው። ቤቱ ከክለቡ ጽሕፈት ቤት ሠላሳ እርምጃ አይርቅም፤ ግን «የመስመር ኖራ አልቋል» የሚለውን የመሰለ ከባድ ጉዳይ በአፉ አይናገርም፣ ቴምብር ለጥፎ ይልካል እንጂ።

አራተኛው ፖስታ ወፈር ያለ፣ ነጭ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ነበር። ከፍታ አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው።

«ክለባችን ሳንድመር አትሌቲክ የእናንተን ተጫዋች ሚስተር ክሊፎርድ ራምስደንን ማነጋገር ስለሚፈልግ፣ በደንቡ መሠረት የሰባት ቀን ማስታወቂያ ይሰጣል።»

ደንቡ እንዲህ ነው። በዚህ ሊግ የሌላውን ተጫዋች የፈለገ ክለብ አስቀድሞ ለክለቡ ጸሐፊ ይጽፋል፤ ከዚያ ሰባት ቀን ይጠብቃል። በሰባቱ ቀን ውስጥ ተጫዋቹን ማነጋገር ቀርቶ ሰላም ማለት እንኳ ነውር ነው። ጊዜው የተሰጠው ልጁን ያሳደገው ክለብ «አትሂድብን» ብሎ እንዲለምን ነው። ሽማግሌ ልኮ ልጅ እንደ መጠየቅ ያለ ነገር ነው፤ በጓሮ በር ገብቶ የሚያግባባ ክለብ ስሙ ይጠፋል።

ሳንድመር የሄስተር ክለብ ከሆነው ከክራግቤክ ታውን አራት ደረጃ ከፍ ብሎ የሚጫወት፣ ልጆቹን ሌላ ሥራ አስጥሎ በደመወዝ የሚያኖር የደቡብ ባሕር ዳርቻ ክለብ ነው። እዚያ ለመድረስ ሦስት ባቡር መቀያየር ያስፈልጋል። ክሊፍ ራምስደን ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የተሰበረ የድንጋይ ክዳን ይጠግናል፤ ቅዳሜ ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ ጎል ያገባል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ፖስታ ሁለተኛ አይመጣም።

እሁድ ጠዋት የሚሠራውን የሚያውቁት ግን እሱና ሄስተር ብቻ ናቸው። በጨዋታ ማግስት የተነቀለውን ሳር በመንሽ እያነሳ፣ በእግሩ እየረገጠ ወደ ቦታው የሚመልስ ፈቃደኛ ያስፈልጋል። ከሁለት ዓመት በፊት ሄስተር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ፈቃደኞች ይመዝገቡ» ብላ ለጠፈች፤ የተመዘገበው ክሊፍ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን ሜዳ ጎን ለጎን ሆነው ሲረግጡት፣ መጀመሪያ ስለ ሳር፣ ቀጥሎ ስለ ዝናብ፣ ቀጥሎ ስለ ሁሉም ነገር ሲያወሩ ኖሩ። አንድ የየካቲት ጠዋት መሐል ሜዳ ላይ ሳማት። በዚያ ዓመት የክራግቤክ ሜዳ በሊጉ ከሁሉ ያማረ ተብሎ ተሸለመ።

ነገሩን ለምን እንደደበቁት የክራግቤክ ሰው ሳይነገረው ያውቃል። የሄስተር አባት ሚስተር በርትራም ኦልድሮይድ የምንጣፍ ፋብሪካው ባለቤትና የክለቡ ሊቀመንበር ናቸው። የክሊፍ አባት በዚያው ፋብሪካ ሸማኔ ነበሩ፤ ግማሹ ሲዘጋ ከተሰናበቱት አንዱ ናቸው። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሜዳ ላይ አብሮ ይጮኻል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ግን የላይ ሰፈሩ ምንጣፍ በተነጠፈበት የኮሚቴ ክፍል ሻይ ይጠጣል፣ የታች ሰፈሩ በአዳራሹ በሊጥ የተሸፈነ የሥጋ ፓይና የተቀቀለ አተር ይበላል። ይህን ማንም አልደነገገውም፤ ማንም አፍርሶትም አያውቅም።

ያን ሰኞ ጠዋት ሊቀመንበሩ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገቡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ እጃቸውን ዘረጉ፣ ደብዳቤውን ተቀብለው አነበቡ። ብዙም አልተገረሙም፤ ሄስተር ይህን ያስተዋለችው ግን ቆይታ ነው።

«ደግ ነው» አሉ። «ልጁ ዕድሉ መጣለት።»

«ኮሚቴው እንዲቆይ ሊለምነው ይችላል እኮ፣ አባባ። ሰባቱ ቀን ለዚህ ነው።»

«ምን ብሎ ይለምነዋል? ወገብህ እስኪጎብጥ ጣሪያ ላይ ተንጠልጠል ብሎ?» በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሄስተር፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሳር ብሎ በእሁድ ቀን ማልዶ የሚነሳ ጎረምሳ አይቼ አላውቅም።»

ሄስተር ፊቷ ቀላ።

«አልቆጣሽም። ስለ እኔም ብለሽ ምንም እንድታደርጊ አልጠይቅሽም። ስለ እሱ ነው የማስበው። ከወደድሽው መንገዱ ላይ አትቁሚበት። በሃምሳ ዓመቱ ዝናብ እየደበደበው ‹ያቺ ሴት ባታስቀረኝ ኖሮ› ሲል መስማት ትፈልጊያለሽ?»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ሚስተር በርትራም ያን ቀን እንደ ልማዳቸው አልጮኹም፣ ጠረጴዛም አልደበደቡም፤ እንዲያውም ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ወጡ። ሄስተር ብቻዋን ስትቀር የጽሕፈት መኪናውን ወደ ራሷ ሳበች።

ይህቺ ልጅ በሃያ ሁለት ዓመቷ ያለ ክፍያ የክለቡ ጸሐፊ ሆና ስትመረጥ የሊጉ ሽማግሌዎች ተሳስቀው ነበር። ስድስት ዓመት አለፈ። አንድ የምዝገባ ቅጽ ቀኑ አላለፈባትም፤ አንድ የአሰላለፍ ወረቀት ተሳስታ አታውቅም። ሌሎች ክለቦች ደንቡ ሲምታታባቸው ሊጉ ጋ ከመደወላቸው በፊት እሷ ጋ ይደውላሉ። በእነዚህ ዓመታት ስለ አሥራ አንድ ተጫዋቾች የሰባት ቀን ማስታወቂያ ደርሷት፣ ለአሥራ አንዱም ተመሳሳይ ደብዳቤ ጽፋለች። ጣቷ ስለለመደው የአሥራ ሁለተኛውንም በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

«ለሚስተር ሲ. ራምስደን። ሳንድመር አትሌቲክ እርስዎን ለማነጋገር ያቀረበው ማስታወቂያ ዛሬ ደርሶናል። ክለቡ ተቃውሞ የለውም። ኤች. ኦልድሮይድ፣ ጸሐፊ።»

ከታች አንድ መስመር በእጇ ልትጨምር ብዕር አነሳች። «ክሊፍ፣» ብላ ጀመረችና ቀደደችው። ሌላ ወረቀት አገባች፣ ጻፈች፣ እሱንም ቀደደች። ሦስተኛውን «አትሂድብኝ» ብላ ጀምራ፣ የሃምሳ ዓመቱን ሰው በዝናብ ውስጥ አየችው፤ ቀደደችው። አራተኛው ወረቀት ባዶ ግርጌውን ይዞ ፖስታ ውስጥ ገባ። ወደ ፖስታ ሳጥኑ ስትሄድ ትልቅ መስዋዕትነት የከፈለች መስሏት ቀና ብላ ነበር የምትራመደው፤ ስትመለስ ግን ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደጎደለባት ተሰማት።

* * *

ሐሙስ አመሻሽ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ልጆቹ ለልምምድ መጡ። ክሊፍ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ነበር። በጽሕፈት ቤቱ መስኮት በኩል ቆመ፤ የድንጋዩ አቧራ ሽፋሽፍቱ ላይ እንዳለ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማንም እንደሌለ አይቶ «ምን በላሽ ዛሬ?» ይላት ነበር።

«ደህና አመሹ፣ ሚስ ኦልድሮይድ» አላት። «መልስ አምጥቻለሁ።»

ማንም አልነበረም። ሰው በሌለበት «እርስዎ» ብሏት አያውቅም።

«ደብዳቤው… ደረሰህ ማለት ነው።»

«ደርሶኛል። ግልጽ ነው፤ ምንም አላጠረውም።»

«ትልቅ ዕድል ነው፣ ክሊፍ። ሁላችንም ደስ ብሎናል።»

«ሁላችን?» ዓይኑን ዓይኗ ላይ ተከለ። ያ ዓይን ጣሪያ ላይ ሆኖ የአንድ ጣት ስንጥቅ የሚያይ ዓይን ነው፤ አሁንም አንድ ስንጥቅ ፈለገ። ሄስተር ፊቷን ወደ ወረቀቶቿ አዞረች። «ሁላችን ማለት እነማን ናችሁ?»

«ክለቡ።»

«እንግዲያስ ለክለቡ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።» ፖስታውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

የበረኛው የስታን ድምፅ ከመልበሻ ክፍል ይሰማል። «አንተ ሰውዬ፣ ባሕር ዳር ሄደህ እንደ ጌታ በጃንጥላ ሥር ልትጋደም ነው አሉ! ማነው እዚህ የእኔን ቤት ጣሪያ የሚሠራው?»

«የአንተ ቤት ጣሪያ ከአፍህ የተሻለ ይዘጋል፣ ስታን» አለው ክሊፍ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱ ብቻ አልሳቀም።

ሄስተር ፖስታውን ከፈተች። «ለክብርት ጸሐፊ። ክለቡ ተቃውሞ ስለሌለው አመሰግናለሁ። ሰኞ አነጋግራቸዋለሁ። ከአክብሮት ጋር፣ ሲ. ራምስደን።» እሱም ግርጌውን ባዶ ትቶታል። ልክ እንደ እሷ።

የአዳራሹን ምግብ ሃያ ዓመት ያበሰለችው ዶሪን በፎጣ እጇን እየጠረገች ገባች፤ አንዴ አየቻትና በሩን በጀርባዋ ዘጋች።

«ሽንኩርት የምከትፈው እኔ ነኝ፤ አንቺን ምን አስለቀሰሽ?»

«ጉንፋን ነው፣ ዶሪን።»

«ጉንፋኑ ቁመቱ ከዚህ በር የሚበልጠው ነው?» ዶሪን የፎጣውን ንጹሕ ጫፍ ሰጠቻት። «ልጄ፣ እኔ ምንም አላየሁም፣ ምንም አላውቅም። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ለእኔ አትንገሪኝ፤ ለሚመለከተው ሰው ንገሪው።»

ሄስተር «አይሆንም» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ለእሱ ስትል ዝም ያለች ነበር የመሰላት። ያን አመሻሽ ግን ከሜዳው የሚመጣውን የኳስ ድምፅ እየሰማች፣ ዝም ያለችው ምናልባት ለራሷ ፈርታ ይሆን የሚል ጥያቄ መጣባት።

* * *

ቅዳሜ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ክራግቤክ ከስኬልቢ ጋር አቻ ከወጣ በሊጉ ይቆያል፤ ከተሸነፈ ይወርዳል። ወደ ታች ደግሞ ብዙም የቀረ ደረጃ የለም።

ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሰው ገባ። ይህን ሊግ የሚንቅ ሰው ያን ቀን በዚያ ቢገኝ ያፍር ነበር። ዊልፍ ከሌሊት ዝናብ በኋላ ጉድጓድ በጉድጓድ ውሃውን በስፖንጅ መጥጦ፣ መስመሩን በኖራ እንደ ክር አቅንቶ ጨርሷል። ከወንዙ ዳር አንድ ጡረተኛ ረጅም እንጨት ላይ የታሰረ መረብ ይዞ ቆሟል፤ ወንዝ የገባ ኳስ ከድልድዩ ሳያልፍ ማውጣት የእሱ ሥራ ነው፤ በአሥራ አምስት ዓመት ሁለት ኳስ ብቻ አምልጦታል፣ የሁለቱንም ቀን ያስታውሳል። ሜዳው ወደ ወንዙ ስለሚያዘነብል እንግዶች ያማርራሉ። የክራግቤክ ሰዎች «አፍ ዳገት አይፈራም፤ እስቲ በእግራችሁ አሳዩን» ይሏቸዋል። ማንም ተከፍሎት አይደለም እዚያ የቆመው፤ ቢከፈለውም እንዲህ አይቆምም።

ሄስተር የአሰላለፍ ወረቀቱን በሁለት ቅጂ ጻፈች። ዘጠኝ ቁጥር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ይህን ስም በዚህ ቦታ የምትጽፈው ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ጻፈችው፣ ለዳኛው አስረከበች።

ከማዕዘኑ ባንዲራ አጠገብ ጥሩ ካፖርት የለበሰ ሰው ብቻውን ቆሟል። ሚስተር ፔንፎልድ ይባላሉ፤ የሳንድመር ሰው ናቸው። እስከ ሰኞ ክሊፍን ማነጋገር ስለማይችሉ ልጁ ባጠገባቸው ሲያልፍ ፊታቸውን አዙረው ደመና ይቆጥራሉ።

ስኬልቢዎች በሃያኛው ደቂቃ አገቡ። ዕረፍት ሲሆን ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ኮሚቴው ወደ ምንጣፉ ክፍል ገባ። ሄስተር እንደ ሁልጊዜው ሻይ ትቀዳለች።

«ጥሩ ልጅ አላችሁ» አሏት ሚስተር ፔንፎልድ ስኒያቸውን እየተቀበሉ። «ከጎል አግቢነቱ ይልቅ ያስደነቀኝ ኳስ ሲቀማ ተመልሶ የሚሮጠው ነው። እኛ ጋ ደመወዝ የሚበሉት እንኳ እንዲያ አይሮጡም።»

«እውነት ነው፣ ጌታዬ።»

«ለነገሩ አባትዎ በደብዳቤያቸው ሁሉንም ጽፈውልናል። ባይጽፉልን ኖሮ እዚህ ድረስ ማን ያየው ነበር? ‹እዚህ የሚያስረው ነገር የለም፤ ቶሎ ብትወስዱት ለሁላችንም መልካም ነው› ያሉት ነው ያስመጣኝ።»

ማንቆርቆሪያው እጇ ላይ ከበዳት። ወደ አባቷ ዞረች። ሚስተር በርትራም ስኳር ያልጨመሩበትን ሻይ ያማስላሉ፤ ቀና አላሉም።

ለካ መንገዱ ላይ አትቁሚ ያሏት መንገዱን ራሳቸው ጠርገው ነው። ሄስተር ተናደደች። ከንዴቷ በላይ ግን ያቃጠላት ሌላ ነገር ነበር፤ አባቷ «የሚያስረው የለም» ብለው ከጀርባው ጻፉ፣ እሷ ደግሞ «ተቃውሞ የለም» ብላ በፊርማዋ አጸናችላቸው። ያ ልጅ አንዱን እያወቀ፣ አንዱን ሳያውቅ፣ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ተሸክሞ ሜዳ ገብቷል።

ለሁለተኛው አጋማሽ ወደ ኮሚቴው ወንበር አልተመለሰችም። ወርዳ ከሕዝቡ ጋር አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ክሊፍ ያን ቀን የተጫወተውን ጨዋታ የክራግቤክ ሰው እስከ ዛሬ ያወራል። ሁለት ጊዜ ተጠልፎ ወደቀ፣ ሁለት ጊዜ ጭቃውን አራግፎ ተነሳ፤ አንድም ቃል ለዳኛው አልተናገረም። ሽቅብ፣ ከዳገቱ ጋር እየታገለ ይሮጣል። ሊያልቅ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው የማዕዘን ምት ተመታ። ማዕድን ቆፋሪ በሆኑ ሁለት የስኬልቢ ተከላካዮች መሐል ዘሎ ኳሷን በግንባሩ ገጫት፤ መረቡን ነካች።

ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሰው አበደ። ክሊፍ ግን አልዘለለም። ቀና ብሎ ወደ ኮሚቴው ወንበሮች፣ ሁልጊዜ እሷ ወደምትቀመጥበት አየ። ወንበሩ ባዶ ነው። ሄስተር ከአጥሩ ሥር «እዚህ ነኝ!» ብላ ጮኸች፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ማን ሊሰማት? አንገቱን ደፍቶ ወደ መሐል ሜዳ ተመለሰ። ክራግቤክ ያን ቀን ተረፈ፤ እሷ ግን በደስታው መሐል ቆማ እንደ ለቀስተኛ ነበረች።

* * *

ከጨዋታው በኋላ፣ እንደ ሊጉ ወግ፣ ሜዳ ላይ የተፋለሙት ሁለት ቡድኖች በአዳራሹ አንድ ላይ ለማዕድ ተቀመጡ። ከግድግዳው ወዲህ ኮሚቴው ሻይ ይጠጣል። ሚስተር በርትራም ለእንግዶቹ ስለ ክለቡ ታሪክ እያወሩ ነው።

«ሄስተር፣ ለሚስተር ፔንፎልድ ሻይ ድገሚላቸው።»

ሄስተር ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በሩን ከፍታ፣ መተላለፊያውን አልፋ አዳራሹ ገባች። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ በር አልፋ ወረቀት ይዛ ገብታ ወጥታለች እንጂ ተቀምጣ አታውቅም። ከዶሪን አንድ ሳህን ተቀበለች። ዶሪን አንድም ነገር አልጠየቀቻትም፤ አተሩን ግን አበዛችላት።

ወሬው ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ክሊፍ ከስታን ፊት ለፊት ተቀምጦ ምግቡን በሹካ ይነካካል።

«ሚስ ኦልድሮይድ፣ መንገድ ሳቱ እንዴ?» አላት ስታን። «ባለ ምንጣፉ ክፍል እኮ ወዲያ ነው።»

«አልሳትኩም፤ ጠጋ በል።»

ስታን ጠጋ አለ። ሄስተር ከክሊፍ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ሰኞ የጻፍኩልህ ደብዳቤ ላይ ስህተት አለ።»

«እርስዎ ስህተት አይጽፉም» አለ ሳህኑን እያየ። «ሊጉ በሙሉ የሚያውቀው ነው።»

«አለ። ክለቡ ተቃውሞ የለውም፤ እውነት ነው። እኔ ግን አለኝ።»

ክሊፍ ቀና አለ።

«ምን እያልሽ ነው?»

ሰው ፊት «አንቺ» እንዳላት አላወቀም። ስታን ግን አውቆ ሹካውን አስቀመጠ።

«መሄድህን አይደለም የምቃወመው። ሂድ። በዚህ ሜዳ ስንት ቅዳሜ ተቀምጬ አየሁህ፤ ምን ያህል እንደምትችል ከሳንድመር ሰዎች በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። እኔ የምቃወመው አልፈልግህም ብዬ የሸኘሁህ መስሎህ መሄድህን ነው። እፈልግሃለሁ፣ ክሊፍ። ይህችን ቃል ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።»

«ለምን ቀደድሽው?»

«ፈራሁ። አንድ ቀን ‹አስቀረችኝ› ብለህ እንዳትጠላኝ።»

ፊቱ ተለዋወጠ፤ ደስታም ንዴትም አንድ ላይ መጡበት። «አራት ቀን ሙሉ አንዲት ምስማር በትክክል መትቼ አላውቅም! ጣቴን እይው!» አውራ ጣቱ ጠቁሯል። «ሰው አይጠይቅም? የእኔን ኑሮ፣ የእኔን ዕድል፣ እኔን ሳትጠይቂኝ ቆረጥሽ። ለእኔ ስትይ ነው? እኔ አፍ የለኝም?»

«ልክ ነህ» አለች ሄስተር። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። «ይቅር በለኝ። መጠየቅ ነበረብኝ። አሁን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«ሄስተር!»

ሚስተር በርትራም በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ሚስተር ፔንፎልድ ስኒያቸውን እንደያዙ አንገታቸውን አስግገዋል።

«እንግዶች ሻይ እየጠበቁ ነው» አሉ አባቷ።

«ማንቆርቆሪያው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አባባ። መቅዳቱ አይከብድም።»

ከስኬልቢዎች አንዱ ሳቁን ሊውጥ ሲል ትን አለው። የሊቀመንበሩ ጆሮ ቀላ።

«ይህ ሁሉ ሰው ፊት? ስማችንን…»

«አዎ፣ ይህ ሁሉ ሰው ፊት። እርስዎ ‹የሚያስረው የለም› ብለው ከጀርባ ስለጻፉ ነው እኔ በፊት ለፊት የምናገረው።» ከወንበሯ አልተነሳችም። «አባቴ ነዎት፤ እወድዎታለሁ። ስለ እኔ ልብ ግን ሁለተኛ ለማንም አይጻፉ።»

ክሊፍ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ ሽማግሌው አየ። ነገሩ ገባው። ቀስ ብሎ ተነሳ። ስታን ክንዱን ሊይዘው እጁን ዘረጋ። ክሊፍ ግን እጁን አላነሳም፣ ድምፁንም አላነሳም።

«ጌታዬ፣» አለ፣ «ለሳንድመር ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ለምን እንደጻፉ ባውቅም አመሰግናለሁ፤ ዕድል ዕድል ነው። ስለ ማሰሪያው ግን ተሳስተዋል። አለኝ።»

ሚስተር በርትራም በሕይወታቸው ሙሉ ሰው ሲቆጣቸው መልስ አያጡም ነበር፤ ሲያመሰግናቸው ግን ምን እንደሚባል አላወቁም። ወደ ሚስተር ፔንፎልድ ዞሩ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ ሚስተር ፔንፎልድ በችኮላ። «እስከ ሰኞ ድረስ ደንቆሮ ነኝ፤ ደንቡ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሳቁ መሐል ሊቀመንበሩ በዝግታ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። በሩን ግን አልዘጉትም። ሄስተር ያንን አየች፤ ከአባቷ ለዛሬ የምትጠብቀው ከዚህ በላይ አልነበረም።

ክሊፍ ተቀመጠ። ሌላው ሰው፣ ጨዋ ነውና፣ እንደማይሰማ ሆኖ ስለ ማዕዘን ምቱ መከራከር ጀመረ።

«በይ ጠይቂኝ» አላት።

«ትሄዳለህ?»

«የሚሉትን መስማት እፈልጋለሁ። ዋሽቼ አልፈልግም ልልሽ አልችልም።»

«እንድትዋሸኝ አልፈልግም።»

«ሰኞ ሲመጡ ግን ብቻዬን አልቀመጥም። አንቺ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። እኔ ጣሪያ እንጂ ወረቀት አላውቅም፤ በዚህ አገር ከአንቺ የበለጠ ወረቀት የሚያነብ ሰው የለም። አንቺ ያላነበብሽውን አልፈርምም። ብፈርምም ደግሞ…» ቃል አጠረው። ጎል ሲያገባ የማያፍረው ሰው እስከ ጆሮው ቀላ። «እዚያ ያለው ክፍል ለሁለት ሰው ይሆን እንደሆነ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። አንቺ ተቃውሞ ከሌለሽ።»

ሄስተር ልትስቅ ፈለገች፤ ያመለጣት ግን ልቅሶ ነው። ተቃውሞ እንደሌላት ራሷን ነቀነቀች፣ ደግማ ነቀነቀች። ክሊፍ የጠቆረ አውራ ጣት ያለበትን ሻካራ እጁን ጠረጴዛው ላይ፣ ሰባ ሰው ፊት፣ በእጇ ላይ አኖረ።

ሳህን ልትሰበስብ ዶሪን እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣች።

«እጃችሁን አንሱልኝ፣ ጠረጴዛ ልጥረግ» አለች።

ማንም አላነሳም። ዶሪን ትንሽ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ምንም ሳትናገር ጨርቁን በእጆቻቸው ዙሪያ አዙራ ጠረገችና አለፈች። ሄስተር ፓዩ እንደቀዘቀዘባት፣ ዓይኗ እንዳበጠ፣ ነገ ከተማው ሁሉ ምን እንደሚያወራ እያወቀች፣ በሕይወቷ እንደዚያ ሰዓት ቀልሏት አያውቅም ነበር።